የሣቁ ባለዕዳዎች

ቻርሊ ቻፕሊን በሰፊ ሱሪውና በቀጭን በትሩ ባሣቀን ቍጥር ታላቅ ወንድሙን ሲድኒን እንረሳዋለን። እናታቸው ሐና በድኽነትና በአእምሮ ሕመም ስለ ተጨነቀች፥ ሁለቱ ልጆች ለንደን ውስጥ ከድኾች መጠለያ ገብተው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ታናሹን ወደ ፍሬድ ካርኖ የተውኔት ጓድ ያስገባው ሲድኒ ነው። ኋላም በአሜሪካ፥ ራሱ የታወቀ ተዋናይ ሲኾን፥ የወንድሙን ጉዳይ ለመምራት ትወናውን ለጊዜው ተወ፤ በ1916 ዓ.ም. ከሙችዋል ኩባንያ ጋራ ተከራክሮ በሳምንት 10,000 ዶላር አስገኘለት። ሲድኒ በ1965 ዓ.ም. ያረፈው ቻርሊ በተወለደበት ቀን፥ በኤፕሪል 16 ነበር።

ከእኛም መካከል ታናሹን ለማስተማር የራሱን ትምህርት የተወ ታላቅ ወንድም ያለው ጥቂት አይደለም። ስማችን በተጠራ ጊዜ የእርሱን ስም አብረን ካልጠራን፥ ክብሩን ከሰው ተበድረን ሳንመልስ መቅረታችን ነው።