ከል በደሞይን

አዮዋ፣ ደሞይን ከተማ የገባሁት በታኅሣሥ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴና የ13 ዓመት ልጇ ስለ አንድ ካናቴራ ሲከራከሩ ነቃሁ። ካናቴራው ላይ ጦርነት የሚቃወም ጽሑፍ አለ። «እኛ እዚህ እንግዳ ነን፤ ጣጣ አታምጪብኝ» ትላለች እናት። ልጅቱ በተሰባበረ አማርኛዋ ወደ እኔ ዞረች፤ «አጎቴ፣ መብቴ እኮ ነው! እዚሁ ከተማ ነው የተጀመረው።»

ሹራቤ ሰማያዊ ካልሆነ ከትምህርት ቤት በር እመለስ ለነበርኩት ለእኔ ይህ እንቆቅልሽ ነው። ከሰዓት በኋላ እህቴ በመኪና ይዛኝ ስትዞር ሩዝቬልት ሁለተኛ ደረጃን አሳየችኝ። ልጅቱ የጠቀሰችውን ነገር ከጀመሩት ተማሪዎች አንዱ፣ ክሪስቶፈር ኤክሃርት፣ የተማረው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ጥቂት ቤተሰቦችና ተማሪዎች በኤክሃርት ቤት ተሰበሰቡ። በቬትናም ለሞቱት ሐዘናቸውን ለመግለጽና የገና ተኩስ አቁም ጥሪን ለመደገፍ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ሊያስሩ ተስማሙ። ስፋቱ ሁለት ኢንች ብቻ! ርእሳነ መምህራኑ ወሬው ሲደርሳቸው ተሰብስበው ቀድመው ከለከሉ። ታኅሣሥ 16 ቀን የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈርና የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤት ቲንከር አስረው ሄዱ፤ በማግስቱ ወንድሟ ጆን ተከተለ። 18,000 ተማሪ ካለበት የትምህርት ሥርዓት የታገዱት አምስት ናቸው። በእነዚያው ትምህርት ቤቶች የምርጫ ቅስቀሳ ምልክት፣ የናዚ ምልክት ተደርጎ የሚታየው የብረት መስቀል እንኳ ሲደረግ ማንም አልተቆጣም ነበር።

ከሁሉ የያዘኝ የሜሪ ቤት ነገር ነው። ቢሮ ተጠርታ አውልቂ ስትባል ፈርታ አወለቀች። ያም ሆኖ አገዷት። ቤታቸው ላይ ቀይ ቀለም ተረጨ፤ በገና ዋዜማም በቦንብ እናፈነዳችኋለን የሚል ስልክ መጣ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ልጆቹ ያለ ጨርቁ ተመለሱ፤ የለበሱት ግን ጥቁር ነበር። እኛ ለዚህ «ከል» የሚል ቃል አለን። ለቅሶ ቤት ነጠላው እንዴት እንደተደረገ አይቶ ማን እንደሞተበት ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ልብስ ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለው ክርክር ብዙም አያስቸግረውም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ዳኞቹን አስቸግሯቸዋል። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው 4 ለ 4 ተከፈለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካቲት 24 ቀን 1969 በ7 ለ 2 ለልጆቹ ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኤብ ፎርታስ ናቸው። ሐሳባቸውን በእኛ አነጋገር ልመልሰውና፣ መብት እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ በር ላይ ተትቶ የሚገባ ነገር አይደለም። ይሁንና ትምህርቱን በእርግጥ የሚያውክ ወይም የሌላውን መብት የሚነካ ከሆነ መከልከል ይቻላል። ከተቃወሙት አንዱ ዳኛ ሁጎ ብላክ ተማሪ ትምህርት ቤት ሊመራ ነው ብለው ሰጉ።

መቼ ነው «የሚያውከው»? እ.ኤ.አ. በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሜክሲኮ አሜሪካውያን በዓል ዕለት፣ የአሜሪካን ባንዲራ ያለበት ካናቴራ የለበሱ ተማሪዎች ገልብጣችሁ ልበሱ ወይም ወደ ቤት ሂዱ ተባሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጠብ ተነሥቶ ስለነበር ጠብ ተፈርቷል። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። በገዛ አገራቸው ባንዲራ! (ባንዲራ ምን እንደሚያስነሣ ለሐበሻ አይነገርም።) ይህ ውሳኔ አልተዋጠልኝም፤ ዝም የሚባለው ተናጋሪው ከሆነ ጠብ አንሺው ምን ተባለ?

ማታ ይህን ሁሉ ስነግራት እህቴ እንጀራውን እያቀረበች ሰማችኝ። «እነሱ ጠበቃ ነበራቸው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቆመች። እህቴ ጠጋ ብላ የካፖርቷን ዚፕ እስከ አገጯ ሳበችው። «ብርድ ነው» አለች። ከሥር ምን እንደለበሰች እኔም አልጠየቅኩም፣ እህቴም አልጠየቀችም። አውቶብሱ መጣ።