ከአያት እስከ ጓሳ በብስክሌት

ባለፈው ሳምንት ካናዳ የሚኖር የድሮ ጓደኛዬ ደወለና «ብስክሌቷ አለች?» አለኝ። አለች። አያት ካለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ከውሃ ጀሪካኖቹና ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ቆማለች። «እንግዲያው ስመጣ ጓሳን እንደግመዋለን» አለ። ዝም አልሁ። እሱም ዝም አለ። ዜና ይሰማል፤ የተናገረው ነገር ምኞት ብቻ መሆኑን ያውቃል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያ ጉዞ እንቅልፍ ነሣኝና ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ነገሩ የተጠነሰሰው በኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የተወሰኑ ጎዳናዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት የተለቀቁበት እሑድ ነበር። አራት ነበርን፤ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ መምህርና እኔ። ወቅቱን አንባቢ ያስታውሰዋል። እስረኞች ተፈትተው፣ የተሰደዱ ፖለቲከኞች ተመልሰው፣ ከኤርትራ ጋር ዕርቅ ወርዶ፣ ማታ ማታ በየካፌው ስለ አገር የማይከራከር አልነበረም። እኛም በዚያው ሙቀት ውስጥ ነበርን። በዚያ እሑድ ግን መምህሩ፣ ያ ዛሬ ካናዳ ያለው፣ አንድ ነገር አለ፦ «ስለዚህች አገር ሌሊቱን ሙሉ እንሟገታለን፤ ከመካከላችን ከአያት ወዲያ ያለውን በእግሩ የረገጠ አለ?» አልነበረም። በመኪና መስኮት ያየነው ብቻ ነበር።

ጥምቀትን በከተማ አሳልፈን ሰኞ ጥር 13 ቀን ማለዳ ከባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ተነሣን። ከኋላችን ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ቆሎና የጎማ መለጠፊያ ጭነናል። ብስክሌቶቹ ያገለገሉ ናቸው፤ የጠበቃው ፍሬን ይጮኻል፣ የእኔ ማርሽ በራሱ ፈቃድ ይቀየራል። ገና ለገጣፎ ሳንደርስ ብንመካም፣ እዚያው ለገጣፎ የፊት ጎማዬ ተነፈሰ። ከመንገዱ ዳር ከነበረች የጭቃ ቤት አንዲት እናት በሳፋ ውሃ ይዘው ወጡ፤ ቀዳዳውን በአረፋው እንድንለየው ነው። ጎማው እስኪለጠፍ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡን። ቤቱን ዐሥር ዓመት በቆጠቡት ገንዘብ እንደሠሩት፣ የመብራት ቆጣሪም እንዳስገቡ አጫወቱን። ገንዘብ ብንሰጣቸው አልቀበልም አሉ። «ስትመለሱ ቡና ትጠጣላችሁ፤ ያኔ ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ» አሉን።

ከሰንዳፋ በኋላ ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ጨካኝ ነው። ልጆች ከየአውድማው እየሮጡ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉናል። ሄልሜት ያጠለቀ፣ ጓዙን በብስክሌት የጫነ ሰው ሐበሻ ሊሆን እንደማይችል እርግጠኞች ናቸው። መሐንዲሱ በአማርኛም በኦሮምኛም መልሶላቸው አላመኑትም። የመጀመሪያውን ሌሊት በቅቤዋ በታወቀችው ሸኖ፣ ሁለተኛውን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቈረቈሯት ደብረ ብርሃን አደርን። ስለ ብርዱ አልጽፍም፤ ደብረ ብርሃን ያደረ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ከጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ፣ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ የሚረዝመው፣ የወሎን መንገደኛ ዛሬም ያሳልፋል። እኛ ግን አልገባንበትም፤ ወደ ግራ ታጥፈን የመንዝን ጠጠር መንገድ ያዝን። ከዚህ በኋላ ያለውን «ብስክሌት ነዳን» ብል ውሸት ይሆናል። ዳገቱን ብስክሌቶቹን እየገፋን ወጣነው። መንዝ ውስጥ ያሳደሩን ሰዎች ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አልብሰውን፣ ጠላ አጠጥተውን፣ «ግን ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ጓሳ የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎሜትር ያህል፣ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ አምባ ነው። ጅብራው ቆሟል፣ የጭላዳ መንጋ ሣር ይነጫል፣ የጓሳው ሣር በነፋሱ እንደ ባሕር ይተኛል። ቀይ ቀበሮም አንዲት አየን፤ በምድር ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች አንዷን።

እዚያ ያገኘናቸውን አዛውንት፣ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ሣር እንዴት ሳይታጨድ ቆየ?» አልናቸው።

«ቄሮ ነዋ የጠበቀው» አሉን።

ተያየን። በ2011 ለአዲስ አበባ ሰው ቄሮ ማለት አንድ ነገር ነበር፦ ገሚሱ የሚኮራበት፣ ገሚሱ የሚፈራው የኦሮሞ ወጣቶች እንቅስቃሴ። ጠበቃው ደንግጦ «እዚህም ደርሰዋል እንዴ?» ሲል ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። የአምቦ ልጅ የሆነው መሐንዲስ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። ለካ ቄሮ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንዞች ጓሳን ያስተዳደሩበት ሥርዓት ስም ኖሯል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ መርጠው ቦታውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ መክረው ይከፍቱታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይጠቀሙበታል፤ በሐምሌ የሐዋርያት በዓል ሁሉም ለቆ ይወጣል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሲመጣ ይህ ቀረ። እኔ ያደግሁት ያንን ዐዋጅ በማያሻማ ቋንቋ በሚያወድስ ትምህርት ነው፤ አሁንም ለጭሰኛው ያደረገውን አልክድም። አዛውንቱም የቀድሞውን አላሞካሹትም፤ በዘር ያልተቈጠረ ደሀ ሣሩን እንዳይነካ ይከለከል እንደነበር ራሳቸው ነገሩን። ነገር ግን ጓሳ በአንድ ቀን የሁሉም ሆነና ጠባቂ አጣ። ኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ ተሰብስቦ አዲስ ደንብ አወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ። ያን ሌሊት በእሳቱ ዙሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንጯጯህ ስለ መሬት ተነጋገርን።

ስንመለስ ጉልበታችን አልቆ ነበር። ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭነን፣ ለገጣፎን በሌሊት፣ ተኝተን አለፍናት። ቡናው ቀረ። ቅዳሜ እንሄዳለን አልን፤ ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዛወርነው። በየካቲት 2011 በለገጣፎ የብዙ ሰው ቤት «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብሎ በዶዘር ፈረሰ። ከቀናት በኋላ ብቻዬን ሄድሁ። የቆርቆሮ ቁራጭና የተሰባበረ ጭቃ ብቻ አገኘሁ። የእኒያን እናት ስም እንኳ አልጠየቅንም ነበርና ማንን እንደምጠይቅ አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ምን ሆነ? በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ደብረ ብርሃን ከወለጋም ከሰሜንም ለተፈናቀሉ መጠለያ ሆነች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ስድስት ወር ተባለ፣ አራት ወር ተጨመረበት፣ ዐዋጁ አብቅቶም መንገደኛው አላረፈም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነት ይላል። አንቀጹን በሸኖ ሌሊት በቃሉ የወጣልን ጠበቃው ነበር። ዛሬ እሱና መሐንዲሱ አይነጋገሩም። ጦርነቱ ሲጀመር አንዱ የጻፈውን ሌላው አነበበ፤ አንድ ቃል ሌላ ቃል ወለደ። የአንዱን ሰላምታ ለሌላው ለማድረስ ሞክሬ ነበር፤ ሁለቱም ርዕስ ቀየሩብኝ።

በ2016 ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣና ከተማችን የብስክሌት መንገድ አገኘች። መንገዱ ያማረ ነው፤ መካድ አልወድም። ቦሌ ላይ ወጣቶች በኪራይ ብስክሌት ሲንሸራሸሩ ሳይ ደስ ይለኛል።

ከጓደኛዬ ስልክ ማግስት ብስክሌቴን ከበረንዳው አውርጄ ሰፈራችን ካለው ጎሚስታ ወሰድኋት። ልጁ አቧራዋን እየጠረገ ነፋላትና «ጋሼ፣ እስከ የት ሊሄዱባት ነው?» አለኝ።

«እስከ ባቡሩ መጨረሻ» አልሁት።

«እሱማ እዚሁ ነው» አለና ሳቀ።