ያኪማ ሸለቆ፦ እናቴ፣ የፈረንጅ ጌሾ እና ሁለቱ «ፈላ»

ከሲያትል በ90 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስትነዱ መጀመሪያ የምታዩት ጥድ፣ ጉምና እርጥብ ድንጋይ ነው። ስኖኳልሚ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ካለፋችሁ በኋላ ግን አገሩ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ዛፉ ይሳሳል፣ ሣሩ ቢጫ ይሆናል። ኤለንስበርግ ስትደርሱ ሰማዩ ሰፊ፣ ነፋሱም ደረቅ ነው። ከዚያ በ82 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ፣ ዛፍ የሌላቸውን ኮረብታዎች ወጥታችሁ ስትወርዱ ያኪማ ሸለቆ ትገባላችሁ። ጉዞው 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«ይኼማ ቆላ ነው» አለች እናቴ፣ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ። ቆላ ማለት ዝቅ ያለና ሞቃት አገር ነው። እውነቷን ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣውን ዝናብ የካስኬድ ተራሮች በምዕራብ በኩል ያስቀሩታል። ያኪማ የምትኖረው ከተራራው በረዶ ቀልጦ በወንዝና በቦይ በሚደርሳት ውሃ ነው። በዚያ ውሃ ፖም፣ ቼሪ፣ ወይንና ሆፕስ ይበቅላሉ። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው ሆፕስ ሦስት አራተኛው ያህል የሚገኘው ከዚሁ ሸለቆ ነው።

ሆፕስ ሐረግ ነው። ሴቴዋ ተክል አረንጓዴ፣ እንደ ትንሽ የጥድ ፍሬ የተደራረበ አበባ ታወጣለች። ቢራ መራራ የሚሆነውና የሚሸተው በዚህ አበባ ነው። ለእናቴ «የፈረንጅ ጌሾ ልናይ ነው» ነበር ያልኳት። በዘር አይዛመዱም፤ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፣ ለጠላ የሚፈለገውም ቅጠሉ ነው። ሥራቸው ግን ይመሳሰላል።

ለምን እንደሄድን ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። አሁን የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጋራዤ ውስጥ ቢራ እጠምቃለሁ። (እናቴ «ፖሊስ አይከለክልም ወይ?» ብላኛለች። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ ይፈቅዳል፤ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ለመሸጥ ግን አይደለም። 21 ዓመት ያልሞላችሁ አንባብያን፣ እናንተ ለጊዜው ማሽተት ብቻ ነው የተፈቀደላችሁ።) የምወደው አምበር ኤል የሚባለውን ነው። ቀለሙ ቀላ ያለ ነው፣ ሆፕሱም በዛ ይላል።

እናቴ በግንቦት ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጣች። ዕድሜዋ 72 ነው፤ ይህን ረጅም በረራ ደግማ የምትችለው አይመስለኝም። አንድ ብርጭቆ ቀዳሁላት። ቀመሰችና «ቀለሙ ያምራል» አለች። እናቴ ቀለም ስታመሰግን ጣዕሙን አልወደደችውም ማለት ነው። ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «ስኳር ስኳር ይላል። ጌሾውም ይመራል እንጂ አይሸትም።»

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ነው ያደግሁት። በወረቀት የጻፈችው ነገር የለም፤ መለኪያዋ እጇና ምላሷ ነው። ስለዚህ ምላሷ የሚወደውን ቢራ ሳልሠራ ልሸኛት አልፈለግሁም። የቀራት ጊዜ ስድስት ሳምንት ነበር፣ አንድ ቢራ ደግሞ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል። ያለኝ አንድ ዕድል ብቻ ነው።

ያኪማ የደረስነው በመስከረም መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አዝመራው በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ጎብኚ የሚቀበል አንድ እርሻ ገባን። አምስት ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ያላቸው እንጨቶች በረድፍ ቆመዋል፣ በጫፋቸው ሽቦ ተዘርግቷል፣ ከሽቦው በወረደው ገመድ ላይ ሐረጉ ተጠምጥሞ ወጥቷል። በረድፎቹ መካከል ስትሄዱ በአረንጓዴ መጋረጃዎች መካከል የምታልፉ ይመስላችኋል። ሠራተኞቹ በስፓኒሽ እየተጠራሩ ሐረጉን ከላይና ከታች ቆርጠው በመኪና ይጭናሉ። አበባውን ከሐረጉ የሚለየው ማሽን ነው። ከዚያ ወደ ማድረቂያው ይሄዳል፤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ አየር ለሰዓታት ይደርቃል። ማድረቂያው ቤት ውስጥ ያለውን ሽታ እንዴት ልግለጽላችሁ? የብርቱካን ልጣጭ፣ አዲስ የታጨደ ሣር፣ ትንሽም ሙጫ።

አስጎብኚው አንድ አበባ ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡ ያለውን ቢጫ ዱቄት አሳየን። ሉፑሊን ይባላል፤ ምሬቱም መዓዛውም እዚያ ነው። እናቴ አበባውን በሁለት መዳፏ መካከል ደጋግማ አሸችው፣ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይኼን የመሰለ ሽታ የት አደረስከው? መቼ ነው የምትጨምረው?»

«ሲፈላ።»

«የቱ ፈላ? እሳት ላይ ነው ጋን ውስጥ?»

አማርኛ የምትማሩ ልጆች፣ ይህን ቃል ልብ በሉት። ውሃ እሳት ላይ ሲንተከተክ «ፈላ» ይባላል። ጠላ ጋን ውስጥ፣ ያለ እሳት፣ እርሾው እየሠራ ሲንፈቀፈቅም «ፈላ» ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሁለት።

«እሳት ላይ» አልኳት።

«እሳት ላይማ ሽታው በጣሪያ ይወጣል! ጌሾ እኮ አይቀቀልም። በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚጠነሰሰው።» ጥንስስ የጠላ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ የተወቀጠ ጌሾ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ለቀናት ይቀመጣል።

ለአስጎብኚው ተረጎምኩለትና ሳቀ፤ ሐሳቧ ለቢራ ጠማቂዎችም የታወቀ ነው። የሆፕስ ምሬት በደንብ የሚወጣው ሲቀቀል ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል። መዓዛው ያለበት ዘይት ግን በእንፋሎት ይተናል። ስለዚህ ለሽታ የሚፈለገው ሆፕስ እሳቱ ካበቃ በኋላ፣ በሁለተኛው «ፈላ» ይጨመራል። እኔ እስከዚያ ቀን የተከተልኩት የምግብ አሠራር ሆፕሱን በሙሉ እሳት ላይ የሚያስገባውን ነበር።

ከተማው ውስጥ ካለ የጠመቃ ዕቃ መሸጫ ካስኬድ የሚባለውን ዝርያ ገዛን። በ1972 ከኦሪገን የወጣ ዝርያ ነው፤ ስሙም የእነዚያው ዝናብ ያስቀሩት ተራሮች ስም ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 19 ሊትር ጠመቅን። 4.5 ኪሎ ተራ ብቅል እንደነበረ ቀጠለ። ስኳር ስኳር የሚለውን ጣዕም የሚያመጣው ካራሜል ብቅል ነው፤ እርሾው ጨርሶ የማይበላው ጣፋጭነት ይተዋል። እሱን ከ450 ወደ 250 ግራም ቀነስን። ቀለሙ እንዳይገረጣ 50 ግራም በጣም የተቆላ ገብስ ገባ፤ እናቴ «አሻሮ» አለችው፣ ለጠላ የሚቆላው እህል ስም ነው። ከሆፕሱ 30 ግራሙ ብቻ ለምሬት ለአንድ ሰዓት ተቀቀለ። 60 ግራሙን ከአሥር ቀን በኋላ፣ የእርሾው ግርግር ሲበርድ፣ ባልዲው ውስጥ ጨመርንና አራት ቀን ተውነው። በሥራዬ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይለወጥም፤ የትኛው እንደሠራ አይታወቅማ። ግን የእናቴ ትኬት አይጠብቅም። እሷ በበኩሏ የከበዳት እርሾ በፓኬት ከሱቅ መገዛቱ ነው። «ጋኑ ራሱ የለውም?» አለች።

ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ፣ ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ከፈትነው። ግማሽ ብርጭቆ ጠጣች። ብርጭቆውን ራሷ መልሳ ዘረጋችልኝ።

«አሁን ሸተተ» አለች። «ግን ጋኑ አልታጠነም።»

የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠብና በወይራ እንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ጠላው ውስጥ ይቀራል። ባልዲዬ ፕላስቲክ ስለሆነ ማጠን አይቻልም። በጀርመን ባምበርግ ከተማ ግን ብቅሉን ራሱን በጭስ የሚያደርቁበት የቆየ ልማድ አለ። ያንን ብቅል ግማሽ ኪሎ አዘዝኩ፤ ለሚቀጥለው ጠመቃ ከተራው ብቅል ላይ 500 ግራም ቀንሼ በእሱ እተካለሁ። አዲስ አበባ ከገባች በኋላ በስልክ ነገርኳት።

«የምን እንጨት ጭስ ነው?» አለች።

«ቢች የሚባል የፈረንጅ እንጨት።»

«ወይራ አይደለማ» አለች።