ከግንቦት እስከ ግንቦት

የእግር ኳስ ደጋፊ ዘመን የሚቆጥረው እንደ ሌላው ሰው በመስከረም አይደለም። የአርሰናል ደጋፊ ከሆነማ በግንቦት ነው። እኔና የካዛንቺስ ጓደኞቼ አብረን ያሳለፍነው አሥር ዓመት ግንቦት 7 ቀን 1996 ዓ.ም. ተጀምሮ ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ። ቀኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ደስታውም ሐዘኑም የደረሰብን በእኛው ቀን ነውና። ስለዚያ ዘመን ቁጭ ብለን ስናወጋ፣ የምናወራው ስለ ኳስ ይሁን ስለ ራሳችን ለመለየት ያስቸግረናል።

መነሻው ያማረ ነበር። ያን ቀን አርሰናል ሌስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ የእንግሊዝን ፕሪምየር ሊግ ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ። እኛ የምናየው ከአንድ ቡና ቤት ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለች ክፍል ውስጥ ነው። መግቢያው 2 ብር፣ ሻይ ለብቻ። ለሃያ ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ስልሳ ሰው ይታጨቅበታል። «ለመሆኑ ለንደን ምን ዘመድ አላችሁ?» እያሉ የሚጠይቁን የሰፈር ሽማግሌዎች ነበሩ። ካኑ ነበረና፣ ኮሎ ቱሬ ነበረና፣ ሎረን ነበረና። አምበሉ ቪዬራም የተወለደው ዳካር ነው። እኛን የሚመስል ልጅ በዓለም ፊት እንዲያ ሲያምርበት ማየት፣ ዘመድ ከማግኘት በምን ያንሳል?

አለመሸነፉ 49 ጨዋታ ዘልቆ ጥቅምት 14 ቀን 1997 በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ 2 ለ 0 ተቋጨ። በዚያው ዓመት ግንቦት 13፣ አገሩ ሁሉ የምርጫ ውጤት ሲጠባበቅ፣ እኛ በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ያንኑ ማንቸስተርን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 ረታን። የመጨረሻዋን ምት ያስቆጠረው ቪዬራ ነበር። በአርሰናል ማልያ የመታት የመጨረሻ ኳስም እሷው ሆነች፤ በክረምቱ ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዋንጫ ለማየት ዘጠኝ ዓመት እንደምንጠብቅ የነገረን ጠንቋይ አልነበረም።

ግንቦት 9 ቀን 1998፣ ማታ 3 ሰዓት ከ45። ፓሪስ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ከባርሴሎና ጋር። በ18ኛው ደቂቃ በረኛችን ሌህማን በቀይ ካርድ ወጣ። አሥር ሆነን ካምቤል በጭንቅላቱ አገባ። ከአንድ ሰዓት በላይ ታግለን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ኤቶ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ቤሌቲ ጨመረ። ያን ሌሊት ከክፍሏ ስንወጣ የተናገረ ሰው አልነበረም። አፍሪካዊ ስለሆነ የምንወደው ኤቶ እኛኑ ማስለቀሱን ግን እስከ ዛሬ እናነሳዋለን።

በዚያው ክረምት አርሰናል 38 ሺህ ሰው ከሚይዘው ሃይበሪ ለቅቆ 60 ሺህ ወደሚይዘው አዲሱ ስታዲየም ገባ። ዕዳውም አብሮት ገባ። ቬንገር ወጣት እየገዙ፣ ሲጎመራ የሚሸጡ ገበሬ መሰሉ። ደጋፊው ሲያማርር ከመካከላችን አንድ መምህር ነበር የሚሟገትላቸው። እሱ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ከደመወዙ ላይ የሚቆጥብ ሰው ነው። «ቤት የሚሠራ ሰው በበዓል ዶሮ አይጠየቅም» ይለናል። አሮጌው ሃይበሪ ፈርሶ መኖሪያ አፓርታማ ሲሆን ደግሞ፣ «ይኸው ሜዳው ራሱ ኮንዶሚኒየም ሆነላችሁ!» ብሎ አሳቀን።

ሽኝቱ ግን አላባራም። ሄንሪ በ1999 ባርሴሎና ገባ። አዴባዮር በ2001 ማንቸስተር ሲቲ፤ በ2003 ነሐሴ ፋብሪጋስና ናስሪ። ከእኛም አግዳሚ ሰው እየጎደለ ነበር። አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከሁሉም የከበደን የረዥሙ ነበር፤ በቁመቱ ምክንያት ሁልጊዜ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የሚያይ፣ ጎል ሲገባ ግን ቆርቆሮውን የሚደልቅ ጓደኛችን። ዲቪ ደርሶት ወደ ቨርጂኒያ ሲሄድ አበባ ይዘን ቦሌ ወረድን። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ፤ ቀጥሎ ለበዓል፤ በመጨረሻም ድምፁ ጠፋ። «አሜሪካ በላችው» ተባለ። ግድግዳውን ሌላ ሰው ተደገፈው።

ለእኛ የካቲት 20 ክፉ ቀን ነው። በ2002 የካቲት 20 ስቶክ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ራምሴ እግሩ ተሰበረ። ልክ በዓመቱ የካቲት 20፣ በሊግ ካፕ ፍጻሜ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ኮሲየልኒና በረኛው «አንተ ያዝ፣ አንተ ምታ» ሲባባሉ ኳሷ ማርቲንስ እግር ሥር ወደቀች፤ በርሚንግሃም 2 ለ 1 ዋንጫውን ወሰደ። በነሐሴ 22 ደግሞ ማንቸስተር ላይ 8 ለ 2። የቡና ቤቱ ባለቤት ማንቼ ነው፤ ያን ቀን ሻይ በነጻ ጋበዘን። ከሽንፈቱ ይልቅ ሻዩ መረረን።

ቫን ፐርሲ በ2004 ክረምት ወደዚያው ማንቸስተር ሲሄድ ግን ነገሩ ከኳስ አለፈ። ሚያዝያ 20 ቀን 2005፣ ዕለቱ ሆሳዕና ነው፤ ግማሾቻችን የዘንባባ ቀለበት በጣታችን አድርገን ነው የመጣነው። ማንቸስተር ሻምፒዮን ሆኖ ስለመጣ የአርሰናል ልጆች በገዛ ሜዳቸው ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡ፤ የትናንቱ አምበላቸውም በመካከላቸው አለፈ። «ከሃዲ!» የሚል ጩኸት ክፍሏን ሞላት። መምህሩ ተነሣ። «የእኛዎቹን በአበባ ሸኝተን፣ እሱን በስድብ? ሁሉም እንጀራውን ፍለጋ ነው የሄደው።» አንዱ ከኋላ መለሰለት፦ «የእኛዎቹ ማንቼ አልገቡማ!» ተሳቀ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ግን ሳይስቅ፣ «ሄዶ መደወል ያቆመውስ?» አለ። ለማን እንደተናገረ ሁላችንም ስለገባን ዝም አልን።

ግንቦት 9 ቀን 2006፣ የፓሪሱ ሌሊት በስምንተኛ ዓመቱ፣ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ከሃል ሲቲ ጋር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ 2 ለ 0 ተመራን። ሁለት ሰዎች ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ካዞርላ በቅጣት ምት አንድ መለሰ። አቻ ያደረገው ኮሲየልኒ ነው። በተጨማሪው ሰዓት፣ በ109ኛው ደቂቃ፣ ያሸነፈበትን ያገባው ራምሴ ነው። የየካቲት 20 ቁስለኞች በግንቦት 9 ሁለቱንም ቀን ካሱልን። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አባት አግዳሚ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነው። «ኮሲየልኒ! አየኸው አይደል? ኮሲየልኒ!» ረዥሙ ነው። ከሥራ ቦታው፣ ከመኪና ማቆሚያው ነው የሚደውለው። ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ አዞርነው፤ ልብስ ሰፊው ራሱ ተቀብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ወደ እኔ ሲመለስ፣ የት ጠፍተህ ነው አልኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «ምን ይዤ ልደውል?» አለኝ። ሥራውም ወረቀቱም አልቀና ብሎት፣ ለእናቱ የሚልከው ጠፍቶት ኖሯል። «ባዶ እጄን ምን እላችኋለሁ?»

ይህ ቃል ከዋንጫው በላይ አብሮኝ ኖሯል። አርሰናል እኮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ባዶ እጁን እየመጣ ፊታችን ይቆም ነበር። ተሳድበን፣ ተቆጥተን፣ በሳምንቱ ደግሞ 2 ብራችንን፣ ኋላም ከዚያ በላይ፣ ከፍለን እንቀበለው ነበር። ለኳስ ቡድን የማይጎድለን ትዕግሥት ለእሱ ይጎድለናል ብሎ ማሰቡ ነው የሚያሳዝነኝ። ስደት ሰውን እንዲህ ያስባል፤ አገር ቤት ያለው ወዳጅ ሁሉ ዋንጫ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። ቬንገር በ2010 ተሰናበቱ። ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ሲፈርስ የቆርቆሮዋ ክፍልም አብራ ሄደች፤ እኛም በየአቅጣጫው ተበተንን። መምህሩ የኮንዶሚኒየም ዕጣው የወጣለት በ2007 ነው። «አርሰናል በአንድ ዓመት ቀደመኝ» ይላል። አሁን ጨዋታ የምናየው እዚያ እሱ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረዥሙም በስልክ ምስል አብሮን ያያል። ስልኩን የምናቆመው ከኋላ ነው፤ ግድግዳውን አስደግፈን።