ስለ ንግግር ልምምድና ስለ አዲሱ መካሪ

ሰው ዕውቀት ሳይጎድለው በአነጋገሩ ብቻ የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነው። መልካም አሳብ በሻካራ ቃል ሲነገር እንደ ክፉ አሳብ ይቆጠራል፤ እውነትም ያለ ጊዜዋ ስትነገር ሰሚዋን ታስቆጣለች እንጂ አታርመውም። አባት ከልጁ፣ ባል ከሚስቱ፣ መምህርም ከወላጅ ጋር የሚቀያየመው ብዙውን ጊዜ በነገሩ ሳይሆን በአነጋገሩ መሆኑን በመምህርነት ሥራዬ ሳስተውል ኖሬአለሁ። ስለዚህም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ አነጋገርንና ልማድን የሚያቃና መካሪ ሆኖ መቅረቡን በሰማሁ ጊዜ ነገሩን ሳልመረምር ላልፈው አልወደድሁም።

አሳቡ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምሩ የነበሩት ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባሉ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 «ኤሊዛ» የተባለች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አቀረቡ። ኤሊዛ ሰው የጻፈላትን ዐረፍተ ነገር እየገለበጠች ወደ ጥያቄ ከመለወጥ በቀር የምትረዳው ነገር አልነበረም። ቢሆንም ሰዎች የልባቸውን ይነግሯት ጀመር፤ ሊቁ ራሳቸው እንደ ተረኩት፣ ጸሐፊያቸው እንኳ ከእርሷ ጋር ለመነጋገር ስትል ከክፍሉ እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም በዚህ እጅግ ተገርመው፣ ለኮምፒዩተር ሊተው የማይገባ የሰው ሥራ እንዳለ የሚያስጠነቅቅ መጽሐፍ በ1976 አሳተሙ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በሕዝብ እጅ የገቡት እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ መሣሪያዎች ከኤሊዛ እጅግ የላቀ ችሎታ አላቸው። ነገር ግን የሚመልስለትን ሁሉ እንደሚያዝንለት የሚቈጥረው የሰው ልብ አልተለወጠም።

እኔ መሣሪያውን የሞከርሁት በአንድ ከባድ ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪዬ ክፍሉን መድገም ነበረበት። አባቱ በላባቸው የሚያድሩ፣ ለልጃቸው ደብተርና ልብስ ለመግዛት የሚቸገሩ ሰው ናቸው። ነገሩን በማይገባ አነጋገር ብነግራቸው ልጁን ከትምህርት አስወጥተው ለሥራ እንዳይሰዱት ሠጋሁ። ስለዚህ የልጁንም የአባቱንም ስም ሳልጠቅስ ልናገር ያሰብሁትን ጽፌ ለመሣሪያው ሰጠሁት። እርሱም ወዲያው «እጅግ ግሩም ነው» አለኝ።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ማመስገን የእነዚህ መሣሪያዎች የታወቀ ጠባይ ነው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ በሚያዝያ 2025 ያወጣው አንድ ማሻሻያ ተጠቃሚውን ከመጠን ያለፈ የሚያሞጋግስ ሆኖ ስለ ተገኘ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊመልሰው ግድ ሆኖበታል። እኛ ግን በንባብ ቤት ያደግነው በሌላ ሥርዐት ነው። ተነሹን ንባብ ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ተማሪ ዐሥር ጊዜ ቢሳሳት ዐሥር ጊዜ ይመለሳል እንጂ «ግሩም ነው» አይባልም። መምህሩ የሚያቃናው ጆሮው ሰምቶ ነው፤ ተማሪውም የሚቃናው ለመመለስ ፈቃደኛ ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን «አታመስግነኝ፤ አንተ የተቆጣ አባት ሁንና ንግግሬ የሚጎዳህን ቦታ ሁሉ አሳየኝ» አልሁት። ያን ጊዜ ጠቀመኝ። በውጤት ቁጥር መጀመሬ አባቱን ገና ከበር እንደሚያስደነግጣቸው፣ የልጁን ድካም ስዘረዝር የሚችለውን አንድ ነገር እንኳ አለመጥቀሴን፣ በመጨረሻም «እንግዲህ ምን እናድርግ» የሚል ጥያቄ አለማቅረቤን ነገረኝ። አምስት ጊዜ ደጋግሜ ተለማመድሁ። አልሰለቸም፤ አልተቆጣም፤ ነገ ተመለስ አላለኝም። ነገር ግን አባት ሆኖ ሲናገርም ሆነ ሲመክረኝ በ«እርስዎ» ጀምሮ በመካከሉ «አንተ» ይል ነበር። በእኛ አገር ይህች አንዲት ቃል የቀረውን ምክር ሁሉ ልታፈርስ እንደምትችል የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ስለዚህ ቃሉን በራሴ አፍ አቃናሁት።

አባትዬው በመጡ ጊዜ አስቀድሜ ልጁ ታናናሾቹን እንዴት በትዕግሥት እንደሚያስጠና ነገርኋቸው፤ ቀጥሎም ክፍሉን እንደሚደግም ገለጥሁ። የመሣሪያው አባት ሁልጊዜ መልስ ነበረው። እኒህ አባት ግን ዝም አሉ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መሬት መሬት ይመለከቱ ጀመር። እኔም ዝም አልሁ። ዝምታው ረዘመ። ኋላም ቀስ ብለው «የኔታ፣ እኔ እኮ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ልርዳው ብል በምን እረዳዋለሁ?» አሉኝ።

ይህችን ቃል ከመሣሪያው ጋር በተለማመድሁበት ጊዜ ሁሉ አልሰማኋትም። ቍጣ ስጠብቅ የመጣው ኀፍረት ነበር፤ ለኀፍረትም መድኀኒቱ ያዘጋጀሁት ቃል ሳይሆን የጠበቅሁት ዝምታ ሆኖ ተገኘ። እርሳቸው ማታ ማታ ልጁ ጮኾ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጠው ሊያዳምጡ፣ እኔም በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ላግዘው ተስማማን። ልጁ ዛሬ በትምህርት ቤት ነው።

ስለ ልማድም የምናገረው አለኝ። ከራት በኋላ ከልጆቼ ጋር ግማሽ ሰዓት ማንበብን ልማድ ላደርግ አሰብሁና መሣሪያውን አማከርሁት። አዲሱን ሥራ ቀድሞ ካለ ሥራ ጋር እንዳያይዘው፣ ይኸውም ማዕዱ እንደ ተነሣ መጽሐፉ እንዲቀርብ መከረኝ። ምክሩ መልካም ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አንድ ቀላል ተግባር በየቀኑ በተወሰነ ሁኔታ እንዲፈጽሙ አድርገው ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። ተግባሩ እንደ ልብ ልማድ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ እንደ ሰዉ ሁኔታ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ በስሌት አገኙ። አንድ ቀን መቅረትም ልማዱን እንደማያፈርስ ተመለከቱ። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ያልጸናለት ሰው ተስፋ ሊቈርጥ አይገባም።

መሣሪያው ማታ ማታ «ዛሬ አነበባችሁን?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ነገር ግን የሚያውቀው እኔ የምነግረውን ብቻ ነው። ታናሿ ልጄ ግን መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ ታስቀምጣለች። ከእርሷ የሚያመልጥ የለም። ልማዱን ያጸናልኝ ይህ ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ ይህን መሣሪያ ፈርታችሁ አትሽሹት፤ አምናችሁም ልባችሁን አትስጡት። ከባድ ነገር ከመናገራችሁ በፊት ተለማመዱበት፤ ሲያመሰግናችሁ ጉድለታችሁን ጠይቁት። በእርሱ ላይ የምትጽፉት ሁሉ ወደ ባለቤቱ ኩባንያ ኮምፒዩተሮች የሚሄድ ነውና የሰውን ስምና የቤታችሁን ገመና አትጻፉበት፤ ለንስሐ አባት የሚነገረውም ለንስሐ አባት ይቆይ። ከሁሉም በላይ፣ ልምምዱን ከጨረሳችሁ በኋላ ተነሥታችሁ ወደ ሰውዬው ሂዱ። ይቅርታ የሚጠየቀው፣ ምክር የሚሰጠው፣ ዕርቅም የሚወርደው ፊት ለፊት ነውና፤ በዚያም ቃላችሁ ሲያልቅ ዝም ብላችሁ ስሙ።