ከዓባይ መውጫ እስከ ደንገሉ ዳር

ባሕር ዳርን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ በዘንባባው ጥላ ሥር ተመላልሶ፥ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሻግሮ፥ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ተመልክቶ ይመለሳል። እኛ ግን ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ በሞላበት በጥቅምት ወር፥ ልጃችንን ይዘን፥ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን የደንገል ዳር ለማየት ሄድን።

የቀዘፉልን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ታንኳቸውም ከዚያው ከደንገል የታሰረ ነው። ከገበያው ጩኸት ከራቅን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከመቅዘፊያው ድምፅና ከወፎች ዝማሬ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ጉማሬ ከውኃው ጆሮውንና ዓይኑን ብቻ ብቅ ባደረገ ጊዜ፥ ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ገትተው፥ «ቤቱ ነውና እርሱ እስኪያልፍ እንቆይ» አሉን።

ከዚያም ልጃችን ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ወደ ውኃው ጣለ፤ እኛም አይተን ዝም አልን። ሽማግሌው ግን ታንኳውን መልሰው ወረቀቱን በመቅዘፊያቸው አነሡና፥ «ልጄ፥ አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው በዚህ ሣርና ደንገል መካከል ነው» አሉት። ተግሣጹ ለልጁ ቢነገርም የደረሰው ለእኛ ነበር።

ደንገል ጎርፍ ከእርሻ ጠርጎ የሚያመጣውን አፈር በሥሩ ይዞ ያስቀራል፤ ለዓሣና ለወፍ መጠጊያ፥ ለታንኳ ሠሪም እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ዳሩ ለእርሻና ለግጦሽ እየተወሰደ፥ ለሕንፃም እየተደለደለ ሄዷል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮም እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በጣና ላይ ተነሥቶ ዓሣ አስጋሪውንና ታንከኛውን አስጨንቋል። ሽማግሌው፥ «ጌታዬ፥ ዱሮ ደንገል ከደጄ አጭድ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ታንኳ የሚበቃ ለማግኘት ግማሽ ቀን እቀዝፋለሁ» አሉን።

ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን እኛ ጸሐፊዎች ነንና፥ በመዝገብ የሰፈረ ነገር ጠባቂ ካላገኘ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር እናውቃለን።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ ከፏፏቴው አስቀድማችሁ ልጆቻችሁን ደንገሉን አሳዩአቸው፤ ያላዩትን ሊጠብቁ አይችሉምና። የእኛ ልጅ በማታ ወደ ከተማው የተመለሰው ያን እርጥብ ወረቀት በኪሱ ይዞ ነው።