ሞግዚቷ ትውጣ ወይስ ትቆይ?

ልጄ የምታጠናው ቴአትር ነው። ዘንድሮ ለመመረቂያዋ የመረጠችው የሩሲያዊውን የአንቶን ቼኾቭን «ሦስቱ እኅትማማቾች» ሆነ። እንዳለ መተርጎም አልፈለገችም፤ ውርስ ትርጉም ነው የምትሠራው፤ ሰዎቹንም ቦታውንም ወደ እኛ ማምጣት። እኔ አማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ረቂቋን ታነብልኛለች፤ ቋንቋውን አቃናላታለሁ።

ታሪኩ ለማያውቁት ይህ ነው። ኦልጋ፣ ማሻና ኢሪና የጦር አዛዥ አባታቸው አንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ተመድቦ ይዟቸው ከመጣ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። አባትየው ከሞተ ዓመት ሞልቶታል። ምኞታቸው ሁሉ ሞስኮ መመለስ ነው፤ አይመለሱም። ወንድማቸው ደግሞ በቁማር ዕዳ ተይዞ የአራቱንም ቤት ሳያማክራቸው ለባንክ ያስይዛል። ይሄን ለኢትዮጵያ ወላጅ ማብራራት አያስፈልግም።

ልጄ ሞስኮን አዲስ አበባ አደረገቻት። ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ሲዞር ያደገ የመኮንን ልጅ ነገሩ ምን ያህል እንደሚገጥም ያውቀዋል።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1901 ሞስኮ ላይ ከታየ ወዲህ ብዙ አገር ዞሯል። ናይጄሪያ የተወለደው ኢኑዋ ኤላምስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ለለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ባዘጋጀው ሥራ እኅትማማቾቹን በቢያፍራ ጦርነት ዘመን ኦዌሪ ከተማ ላይ ያኖራቸዋል። የሚናፍቁት ሌጎስን ነው። የከተማ ስም መቀየር እንኳ ቀላል ነው። ነገር ግን በቼኾቭ ተውኔት መኮንኖቹ ሻይ እየጠጡ ይፈላሰፋሉ፣ መጨረሻ ላይ በሙዚቃ ተሸኝተው ይሄዳሉ። ኦዌሪ ላይ ጦርነቱ ራሱ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ሌጎስም ሩቅ ከተማ መሆኗ ቀርቶ በጦርነቱ ማዶ ያለች ከተማ ትሆናለች። ናፍቆቱ ያው ነው፤ መንገዱ ግን በጠመንጃ ተዘግቷል።

የእኛ ሥራ ከዚህ ያነሰ ነበር። ለምሳሌ ሳሞቫሩ። የኢሪና ቀን ሲከበር አሮጌው የጦር ሐኪም የብር ሳሞቫር ይዞላት ይመጣል። ልጄ ሳሞቫርን «ጀበና» ብላ አለፈችው፤ ሁለቱም የሚፈላባቸው ናቸዋ! አነበብነው፤ ትዕይንቱ ሞተ። ሽማግሌው ለሃያ ዓመት ልጅ ከልክ ያለፈ ውድ ዕቃ በማምጣቱ ነው ቤቱ ሁሉ የሚያፍረው። በጀበና የሚያፍር የለም። የወርቅ አምባር ስናደርገው ሁለታችንም ሳቅን፤ እንግዶቹ ወዴት እንደሚያዩ ሲጠፋቸው ታየኝ።

ከዚያ አንፊሳ ላይ ደረስን።

«እማ፣ ሞግዚቷን ላወጣት ነው» አለችኝ። «ተዋናይም የለኝ። ደግሞስ ዛሬ ሰማንያ ዓመቷ ድረስ ሞግዚት የሚያኖር ማን አለ?»

አንፊሳ ልጆቹን ያሳደገች አሮጊት ናት። በሦስተኛው ገቢር ከተማው በእሳት ሲነድ የወንድምየው ሚስት ናታሻ ትገባና አንፊሳ ደክሟት ቁጭ ማለቷን ስታይ ትቆጣለች። ከእንግዲህ አትጠቅምም፣ የገጠር ሰው ናት፣ ወደ ገጠሯ ትሂድ ትላለች። ኦልጋ ሠላሳ ዓመት አብራን ኖራለች ብላ ብትከራከር የሚሰማት የለም።

እኔ ዝም አልኩ። ልጄ የተስማማሁ መስሏት ገጹን ልትገለብጥ ነበር።

እኛ ቤትም አንዲት ነበረች፤ «እታለም» እንላታለን። እኔንም ወንድሞቼንም አዝላ ያሳደገችን ናት። እናቴ ስታርፍ እኔ ጋ መጣች። የበኩር ልጄ ሲወለድ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ሕፃኑን አቅፋ ስትነሳ አዳለጣት። ልጁ ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ግን «አገሯ ትግባ፣ ዘመዶቿ ይጡሯት» አልኩ። ዘመድ የቱ? አገሯን ለቃ የወጣችው በልጅነቷ ነው። ጥቂት ገንዘብና ብርድ ልብስ ሰጥቼ አውቶቡስ ተራ ወሰድኳት። ስትሳፈር እንደ ደህና ሰው አለቀስኩ። በሦስተኛው ዓመት ማረፏን ሰማሁ። ናታሻ ትጮኻለች፣ እኔ አልጮኽኩም፤ ልዩነታችን ያ ብቻ ነው።

ይህንን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ወንድሟ ጎልማሳ ሆኗል፤ እሱም አያውቅም።

ብዙ ከቆየች በኋላ «አራተኛውን ገቢር አንብቢልኝ» አለችኝ። እዚያ ኦልጋ ርዕሰ መምህርት ሆና አንፊሳን ወደ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ቤት ወስዳታለች። አሮጊቷ የራሴ ክፍል፣ የራሴ አልጋ አለኝ እያለች ደስታዋን ትናገራለች። ከዋናዎቹ ሰዎች የፈለገውን ያገኘ በሌለበት ተውኔት ደስ ያላት እሷ ናት፤ ሞስኮንም አልተመኘች።

«ዛሬ ለርዕሰ መምህርት የመንግሥት ቤት ማን ይሰጣታል?» አለች ልጄ። እሱ ላይ አመሸን። ኮንዶሚኒየም አልን፣ ተውነው። በመጨረሻ ኦልጋ አንድ ክፍል ቤት ትከራይና በመጋረጃ ለሁለት ትከፍለዋለች ተባባልን፤ መስኮቱ ያለበት ወገን ለአሮጊቷ። አንፊሳ ቆየች ማለት ነው። የሚጫወታት ሰው ገና አልተገኘም።

ከዚያ ልጄ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ብርድ ልብሱን በምን አስራ ነበር የያዘችው?»

«በአሮጌ ነጠላዬ።»

ጻፈችው። «አውቶቡሱ ውስጥ በየት በኩል ተቀመጠች?»

«እስኪነሳ አልቆየሁም» አልኳት።

እሱንም ጻፈችው።